መቶ ሃያ ዲግሪ

አቶ እንቢ የሞቱት በሚወዱት ቦታ ነው። ጀርባቸውን ለማሽኖቹ ሰጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ የጆሮ መሸፈኛቸውን እንዳጠለቁ ተቀምጠዋል። ለሚያያቸው ሸለብ ያደረጋቸው እንጂ የሞቱ አይመስሉም። መርማሪዋ ጉልበቷ እየጮኸባት አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የለም፤ እጃቸውም ወደ በሩ አልተዘረጋም። ሰውየው ለመሸሽ እንኳ አልሞከሩም።

«ለምን?» አለች ለራሷ።

ይህን ቃል ከማብዛቷ የተነሳ ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» የሚል ስም አውጥተውላታል። አለቃዋ ስሙን የሚጠራው ጥርሱን ነክሶ ነው። ዛሬም ገና ከመኪና ሳትወርድ ደውሎ፣ «የቸልተኝነት አደጋ ነው፤ ጥፋተኛዋም ታውቃለች። ልጅቷን ይዘሽ ነይና መዝገቡን ዛሬውኑ እንዝጋው» ብሏታል። እሷ ደግሞ ሳይከፈት የሚዘጋ መዝገብ ሲሏት ደሟ ይፈላል።

ቤቱ የኮምፒውተር ቤት ነው። ከመስታወቱ በር ወዲያ ባለው ክፍል ሰርቨር የሚባሉት ትልልቅ ማሽኖች በብረት መደርደሪያ ተደርድረው ሌት ተቀን ይጮኻሉ። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሕሙማን ፋይል፣ የራጅ ፎቶና የመድኃኒት ማዘዣ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሟቹ ነበሩ። ማቀዝቀዣው ይቀነስ ሲባሉ «እንቢ»፣ አንድ ማሽን ብቻ እንጨምር ሲባሉ «እንቢ»፣ ይህችን ወረቀት ዝም ብለው ይፈርሙልን ሲባሉ «እንቢ» ከማለታቸው ብዛት እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ሰው ጠፍቷል። ወገባቸውን ያማቸው ስለነበር ሥራ ፋታ ሲሰጣቸው ከማሽኖቹ ኋላ ይቀመጡና ከፕሮሰሰሮቹ በሚወጣው ሞቃት አየር ጀርባቸውን ያሞቃሉ። ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል።

የገደላቸው የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጭስ ከተነሳ ጋዙ ከጣሪያው ቱቦ ይለቀቅና አየሩን ያባርረዋል። እሳቱም አየር አጥቶ ይጠፋል፤ ውስጥ ሰው ካለ ሰውየውም እንደዚያው። ከዚያ በፊት ደወል ይጮኻል፣ ከበሩ በላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የአቶ እንቢ ጆሮ ግን ተሸፍኗል፤ መብራቱም ከማሽኖቹ ኋላ ለተቀመጠ ሰው አይታይም። ያልሸሹት ለዚህ ነው። ጋዙን ማን ወይም ምን እንደለቀቀው ነው ያልታወቀው።

ሥራ አስኪያጁ ምላሱ ቅቤ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ከኮሪደሩ ጫፍ ባለው ቢሮው ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ኢንስፔክተር፣ የወረደብንን መዓት አዩልኝ?»

«አየሁ። እርስዎስ ምን አዩ?»

«የማሽኖቹ ሙቀት እዚችው ስክሪን ላይ ይታያል። ፕሮሰሰሮቹ መቶ ሃያ ዲግሪ ደርሰዋል። ኧረ ምን ጉድ ነው ብዬ ሳልነሳ ደወሉ ጮኸ። መሣሪያው ጭስ ሲያሸት ጋዙን በራሱ ጊዜ ይለቀዋል።»

«መቶ ሃያ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?»

«በዓይኔ በብረቱ።»

«ቁጥሩ አሁንም ይታያል?»

«ደወሉን ዝም ለማሰኘት ስል መቆጣጠሪያውን ከዚሁ አጥፍቼ አስነሳሁት። የቀድሞው ተሰርዟል። ሰው እየሞተ ስለ ማስረጃ ማን ያስባል?»

«ሰው እየሞተ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ፣ በኋላ ሳስበው። ሰውየው ውስጥ መሆናቸውን ከየት አውቄ?»

«ለምን ሞቀ ይላሉ?»

«እንግዲህ...» ከንፈሩን መጠጠ። «ከሁለቱ ማቀዝቀዣ አንዱን አብራቸው የምትሠራው የእህታቸው ልጅ አጥፍታዋለች። ሆን ብላ ነው አልልም፤ የሰው ነፍስ ነው። ግን ጠዋት ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።»

«እርስዎ ወደ በሩ ሄደው ነበር?»

«እኔ ወደዚያ ዝርም አልል። ብርዱ አይስማማኝም። በሩን የከፈተውም አስከሬኑን ያገኘውም ጥበቃው ነው።»

ብርድ አይስማማኝም የሚለው ሰው ቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ድረስ ተጠቅልሏል። ግራው ግን በሚያብረቀርቅ ቁልፍ እንደተቆለፈ ነው። እትዬ ለምን ይህን በሆዷ ይዛ ወጣች።

የሟቹ የእህት ልጅ በጥገና ክፍሉ ውስጥ ፖሊስ ቆሞባታል። ሰውነቱ የተበታተነ ማሽን ጠረጴዛዋ ላይ አለ፤ ከፊቷ ደግሞ አንድ ወረቀትና እስኪብርቶ ተቀምጧል። ዓይኗ አብጧል፣ አገጯ ግን ቀና ብሏል።

«ምን ይላል ወረቀቱ?»

«'በቸልተኝነቴ ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ' እያለ ይቀጥላል። ሥራ አስኪያጁ ነው ጽፎ ያመጣልኝ። ከፈረምሽ ቅጣቱ ይቀልልሻል አለኝ።»

«ለምን አልፈረምሽም?»

«ስላላደረግኩት ነዋ። እትዬ፣ ወስዳችሁ ብትቆልፉብኝም አልፈርምም። እናቴ ዛሬ አንድ ወንድሟን አጥታለች። ገዳዩ ልጅሽ ናት ብዬ በራሴ እጅ ልጻፍላት?»

«ማቀዝቀዣውን ግን አጥፍተሻል።»

«አንዱን፣ ሊታጠብ። አጥፊው ያለኝ ራሱ ጋሼ፣ አጎቴ ነው። ሌላው ብቻውን ክፍሉን ይችለዋል።»

«ታዲያ ፕሮሰሰሮቹ እንዴት መቶ ሃያ ዲግሪ ደረሱ?»

ልጅቷ ለቅሶዋን ረሳችው። «ስንት?»

«መቶ ሃያ።»

«ይህን ያለ ሰው በሕይወቱ ማሽን ከፍቶ አያውቅም።» ከጠረጴዛው ላይ ብስኩት የምታክል ጠፍጣፋ ነገር አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። «ፕሮሰሰር ይኸውልዎት፤ የማሽኑ አንጎል ነው። ሥራ ሲፈታ አርባ ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሥራ ሲበዛበት ስድሳ፣ ሰባ። ሰማንያን ካለፈ የጋሼ ፊት ይጠቁራል፤ ዘጠናን ካለፈ ማናችንም ቤታችን አንገባም። መቶ አካባቢ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱ ሥራውን ያዘገያል። በዚህም ካልበረደለት ድርግም ብሎ ይጠፋል። እኛ ያሉን ማሽኖች መቶ ሃያን አያውቋትም። ስክሪን ላይ እሷን ለማየት የሞተ ማሽን መናገር አለበት።»

«ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠፋል?»

«በራሱ። ከኛ ይሻላል፤ እኛ እስክንቃጠል እንሠራለን።»

እትዬ ለምን ያችን ጠፍጣፋ ነገር አገላብጣ አየቻትና መለሰችላት። «ጠዋት ምን አጨቃጨቃችሁ?»

ልጅቷ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። «ኮቱ። በፕሮሰሰሩና በሚያቀዘቅዘው ብረት መካከል የሚቀባ ግራጫ ቅባት አለ፤ ሙቀቱን ወደ ብረቱ የሚያሻግር። ጋሼ ጠዋት አንድ ማሽን ከፍቶ ቅባቱን ሲቀይር፣ ጣቱን እንደ ልማዱ ኮቱ ደረት ላይ ጠረገ። 'ስንቴ ልንገርህ፣ ይህ ነገር በምንም አይለቅም እኮ' ብዬ ጮህኩበት። ለአጎቴ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው እትዬ። ስለ ኮት።»

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለች። እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጠበቀቻት።

«ኮቱ አሁን የት ነው?»

«ቀዩ ቁልፍ ላይ ነዋ።»

ቀዩ ቁልፍ ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ያለ፣ ጋዙን በእጅ የሚለቁበት መጫኛ ነው። ከበላዩ አንድ ሚስማር ተመቷል። ወደ ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ የራሱን ልብስ እዚያ ሚስማር ላይ ያንጠለጥልና ቁልፉን ይሸፍነዋል። ሰው አለ፣ አትንኩ ማለት ነው። ልማዱን ያመጡት አቶ እንቢ ናቸው። የትም አልተጻፈም፤ ማሽኖቹ ጋ የሚሠራ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ሁለቱ ሄደው ሲያዩት ሚስማሩ ባዶ ነው። ቁልፉም በጨርቅ የተወለወለ ይመስል ያበራል፣ አሻራ የሚባል የለበትም። ኮቱን ያገኙት በኮሪደሩ ውስጥ ባለው የእንግዶች ቁምሳጥን ነው። በእንጨት መስቀያ ላይ ተስተካክሎ ተሰቅሏል። ደረቱ ላይ ያለው ግራጫ ቅባት አንዱ ጎኑ ተዳምጦ ተጎትቷል።

«ጋሼ በዕድሜው ልብስ በመስቀያ ሰቅሎ አያውቅም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ሰሞኑን ያሳሰባቸው ነገር ነበር?»

«ነበር። የሆስፒታሉ ማሽኖች ሌሊት ሥራ ስለሚቀልላቸው ጠዋት ስንገባ አርባ ዲግሪ መሆን አለባቸው። በቅርቡ ግን ጠዋት ጠዋት ዘጠና ላይ እናገኛቸው ጀመር። ጋሼ 'በቅሎዋን ሌሊት የሚጭናት ሌላ ሰው አለ' አለኝ። ማሽኖቹ በድብቅ ለሁለተኛ ደንበኛ ተከራይተዋል ማለቱ ነው። ዛሬ የሆስፒታሉ ሰዎች ሲመጡ ሊነግራቸው ነበር።»

«ለሌላ ሰው ነግረው ነበር?»

«ለሥራ አስኪያጁ። ጋሼ ሰው በሌለበት ማማት አይወድም፤ መጀመሪያ ለሱ ነገረው።»

ማቀዝቀዣ የሚያጥበው ሰው ጣሪያ ላይ ነበር፤ መርማሪዋ መሰላሉን እየረገመች ወጣች። ሰውየው ለፍላፊ ነው።

«ከአቶ እንቢ ጋር ትጣላ ነበር አሉኝ።»

«ከሳቸው ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ያጠብኩትን ደጋግመው ያሳጥቡኛል። እናቴ ትሙት፣ ልቤን አውልቀውታል። ግን ነፍሳቸውን ይማርና ውሸት አያውቁም ነበር።»

«አንዱን ስታጥብ ሌላው ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር ወይ?» እግሩን አነሳላት። ጫማው ረጥቦ ውሃ ያንጠባጥባል። «ከሱ ቱቦ የሚወርደው ውሃ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ያልሠራ ማቀዝቀዣ ውሃ አይወጣውም።»

ጥበቃውን ከግቢው በር ላይ አገኘችው። የቀድሞ ወታደር ስለሆነ ሻምበል ይሉታል። ዓይኗን ሸሸ።

«ሻምበል፣ በሩን ሲከፍቱ የተቃጠለ ነገር ሸተተዎት?»

«ምንም። ብርድ ብቻ ነው የመታኝ።»

«አቶ እንቢ ውስጥ መሆናቸውን ማን ያውቅ ነበር?»

ሻምበል ወደ ሕንፃው ዞር ብሎ አየ። «ልጆች አሉኝ እትዬ» አለ ዝቅ ብሎ።

አልገፋችውም። ፈርቶ ዝም ያለ ሰው ከዋሸ ሰው ይሻላል ብላ ታስባለች።

ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። መዝገብ ክፍል ያለችው ሴት፣ ዛሬ ኮምፒውተራቸው ለቅጽበት እንኳ እንዳልተቋረጠ ነገረቻት። ስልኩን ሳታስቀምጥ የአለቃዋ ጥሪ ገባ።

«ልጅቷን ይዘሻል?»

«አልያዝኩም፤ አልይዝምም።»

«ትእዛዝ ነው ያልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። ያልገደለችውን ልጅ ግን አላስርም። ከፈለጉ እኔን ያባርሩኝ፤ ከመባረሬ በፊት ገዳዩን ላስረክብዎት።»

ስልኩን ዘጋች። ሁሉም ሰው መስታወቱ በር ፊት እንዲሰበሰብ አዘዘች።

ልጅቷ፣ ማቀዝቀዣ አጣቢው፣ ሻምበልና ሥራ አስኪያጁ መጡ። የድርጅቱ ባለቤትም የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ደረሰ። ከመስታወቱ ወዲያ ማሽኖቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይጮኻሉ።

«እነዚህ ማሽኖች ይሰሟችኋል?» ብላ ጀመረች እትዬ ለምን። «አቶ እንቢ ሲሞቱም እንዲህ ይጮኹ ነበር። ሆስፒታሉን ጠይቄያለሁ፤ አንዱም አልጠፋም። ሥራ አስኪያጁ ግን መቶ ሃያ ዲግሪ ደርሰው አየሁ ብለውኛል።»

«ብያለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ፕሮሰሰር መቶ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። መቶ ሃያ ደርሶ ቢሆን ኖሮ አሁን እዚህ ቤት ዝምታ በሆነ ነበር።»

«እንግዲያው ቁጥሩን ተሳስቼ ይሆናል። ደንግጬ ነበር። ዘጠና ይሆናል።»

«ዘጠና ከሆነ ጭስ የለም። ጭስ ከሌለ ጋዙ በራሱ አይለቀቅም። ሻምበልም ሲከፍቱ የመታቸው ብርድ ነው፤ የተቃጠለ አልሸተታቸውም። ይህ ወንድሜ ደግሞ ጫማውን ያራሰው የሁለተኛው ማቀዝቀዣ ውሃ ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ስለዚህ ጋዙን የለቀቀው ሰው ነው፤ በዚህ ቀይ ቁልፍ።»

ሁሉም ግድግዳውን አዩ።

«ቁልፉ ላይ የአቶ እንቢ ኮት ተንጠልጥሎ ነበር። ሰው አለ ማለት ነው። ልጅቷም ማቀዝቀዣ አጣቢውም ልማዱን ያውቁታል። ከሁለቱ አንዱ ቢገድል ኮቱን ወደ ሚስማሩ ይመልሰው ነበር፤ ከዚያ ከተነሳ ምን እንደሚያስጠረጥር ያውቃላ። ይህ ሰው ግን ወደዚህ ዝርም ስለማይል ኮቱ ለሱ ተራ ኮት ነው። ቁልፉን ስለሸፈነበት አነሳው፤ ወደ ቢሮው ሲመለስም የእንግዶች ቁምሳጥን ውስጥ አስተካክሎ ሰቀለው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ኮት በመስቀያ የሚሰቅል ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?»

«አይደለም። ቀኝ እጅጌዎን ያውርዱልኝ።»

«ምን አሉ?»

«ብርድ አይስማማዎትም። ያውርዱት።»

ሰውየው ወደ ባለቤቱ ዞረ፤ ባለቤቱም ጫማውን ያያል። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ሥራ አስኪያጁ እጅጌውን እጥፍ በእጥፍ ፈታው። ነጩ ጫፍ ላይ ግራጫ ቅባት ተለድፏል። ታጥቦ ነበር፣ ታሽቶም ነበር፤ ይበልጥ ተንሰራፍቷል እንጂ አልለቀቀም።

«ያ ቅባት ዛሬ ጠዋት ነው ኮቱ ላይ የተጠረገው» አለች እትዬ ለምን። «እርስዎ ደግሞ በሩን አልቀረብኩም ብለዋል። ቁልፉን ወለወሉት፣ እጅጌዎን ግን መደበቅ ብቻ ነው የቻሉት። አቶ እንቢ ማሽኖቹን ለሁለት ደንበኛ ማከራየትዎን በጠዋቱ ሙቀት ደርሰውበታል። ዛሬ ለሆስፒታሉ ሊናገሩ ነበር፤ ዝም በል ቢሏቸው መልሳቸውን ያውቁታል።»

«ውስጥ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። ቅቤው ምላስ ደርቋል።

«ታውቅ ነበር።»

የተናገረው ሻምበል ነው። ጀርባው ቀጥ ብሎ ነበር። «'እንቢ የት ነው?' ብለህ ጠየቅኸኝ። ጀርባውን እያሞቀ ነው አልኩህ። በኋላ መጥተህ፣ ይህን ከተናገርክ ነገ እዚህ በር ላይ አትቆምም አልከኝ። እንግዲያው አልቁም።»

ሥራ አስኪያጁን ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ልጅቷ ሲያልፍ አየችው። ያልፈረመችውን ወረቀት ለእትዬ ለምን ሰጠቻት፣ ለመዝገቡ።

የድርጅቱ ባለቤት ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ልጅቷ ተጠጋ። ድምፁ የአባት ድምፅ ሆነ።

«ልጄ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ግን ያ ሁለተኛው ደንበኛ ትልቅ ሰው ነው። ነገሩ እስኪበርድ ሥራው እዚያው ማሽን ላይ ይቆይ። ለሆስፒታሉም ለጊዜው ዝም እንበል፤ ምን ይመስልሻል?»

እትዬ ለምን ወደ በሩ እየሄደች ነበር፤ ቆመች።

ልጅቷ ከመስታወቱ ኋላ ያሉትን ማሽኖች አየች፤ አጎቷ ተቀምጠው የነበሩበትንም ቦታ።

«እንቢ» አለች።

ከዚያም ጃኬቷን አወለቀች፣ ቀዩ ቁልፍ ላይ አንጠለጠለችውና የሁለተኛውን ደንበኛ ሥራ ከማሽኖቹ ላይ ልታወርድ ገባች።